አምፑ ይቆየን፤ መጀመሪያ ሳጥኑ

የጊታር አምፕ ድምፅ የሚያስመስለውን ሶፍትዌር ከፍታችኋል፣ ጊታሩ ተሰክቷል፣ ቡናው ቀርቧል። ስክሪኑ ላይ ሃያ ምናምን አምፕሊፋየር ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፤ ቢጫ ጨርቅ የለበሰ፣ ጥቁር ፊት ያለው፣ ወርቃማ ሰሌዳ ያለው። አንዱን ትነኩታላችሁ፣ ሁለት ኮርድ ትመታላችሁ፣ "አይ" ትላላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቡናው ቀዝቅዟል፤ ከዘፈኑ ግን አንዲት መስመር አልተቀዳችም። እኔ እንዲህ ባቃጠልኳቸው ሌሊቶች ማሲንቆ በተማርኩባቸው ይሻለኝ ነበር።

ጆሯችሁን አትውቀሱ። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሶፍትዌሮቹ አምፑን በትልቁ ስለው ፊት ለፊት ያስቀምጡታል፤ ስፒከሩን የያዘውን ሳጥን፣ ማለትም ካቢኔቱን፣ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ሜኑ ውስጥ ይደብቁታል። ድምፁን በብዛት የሚቀርፀው ግን ያ የተደበቀው ነው።

ካላመናችሁኝ አሁኑኑ ሞክሩት። ዲስቶርሽን፣ ማለትም የተሻከረ ድምፅ፣ ያለበት አንድ አምፕ ምረጡና ካቢኔቱን ብቻ አጥፉት። ሄድፎን ካደረጋችሁ ድምፁን መጀመሪያ ቀንሱ፣ በኋላ እንዳትረግሙኝ። የምትሰሙት ጣሳ ውስጥ የተዘጋበት የንብ መንጋ ነው። አሁን ካቢኔቱን መልሱት። ንቦቹ ጠፉ፣ ጊታር ተገኘ።

ለምን? ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይቆጥራል፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል። 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ አካባቢ በላይ ያለውን ድምፅ እንደ ገደል ነው የሚጥለው። የወጣት ጆሮ እስከ 20 ሺህ ድረስ ይሰማል። ዲስቶርሽን ደግሞ ሥራው ካንድ ድምፅ ላይ ሌሎች ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን መፈልፈል ነው፤ እነሱም ሳይጣሩ በቀጥታ ጆሮ ውስጥ ሲገቡ ያሳክካሉ። ስፒከሩ ወንፊታቸው ነው። በክራር ብታስቡት ይቀላል፤ የሚመታው ሰው ያው፣ ክሩም ያው፣ ግን ገበቴውን ብትለውጡት ሌላ ክራር ነው የያዛችሁት። ካቢኔት ማለት ገበቴው ነው።

አንድ የቆየ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። የአሜሪካው ጊታርና አምፕ ሠሪ ፌንደር "ቤዝማን" የሚባል አምፕ ነበረው፤ ስሙ እንደሚለው ለቤዝ የታሰበ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የነበረው፣ አራት 10 ኢንች ስፒከር ያለው ሞዴል ግን ጊታር ሲሰካበት አማረበትና ጊታሪስቶቹ ወሰዱት። በ1962 ለንደን ውስጥ ጂም ማርሻል የሚባል ድራመርና የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያንኑ የቤዝማን ሰርኪዩት ከሞላ ጎደል እንዳለ ገልብጦ ጄቲኤም 45ን አወጣ። ሰርኪዩቱ አንድ፣ ድምፁ ግን ሌላ። እንግሊዝ አገር የተገኙት ቲዩቦችና ሌሎች ዕቃዎች የራሳቸውን ድርሻ ማበርከታቸው አይቀርም። ግን ሳጥኖቹን ተመልከቱ። የፌንደሩ ጀርባው ክፍት ነው፣ ውስጡ 10 ኢንች ጄንሰን ስፒከሮች አሉ። ማርሻል ጀርባው ድፍን የሆነ ሳጥን ውስጥ አራት 12 ኢንች ሴለስቲየን ስፒከር አስገባ። ዛሬ "የእንግሊዝ ድምፅ" ብለን የምንጠራው ነገር ግማሹ ያ እንጨት ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

የክፍቱና የድፍኑ ልዩነት እንዲህ ነው። ጀርባው ክፍት በሆነ ሳጥን ስፒከሩ ወደፊትም ወደኋላም ይተነፍሳል። ከኋላ የወጣው ዞሮ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ከወፍራሙ ድምፅ ላይ የተወሰነውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ቀለል ያለ፣ አየር ያለው ድምፅ ይወጣል። ለንጹሕ ኮርድ፣ ለትዝታ ሊድ፣ ለሬጌ ሪትም አሪፍ ነው። ድፍኑ ወፍራሙን አፍኖ ይዞ እንደ ቡጢ ወደፊት ይልከዋል። ከባድ የሮክ ሪፍ ክፍት ሳጥን ውስጥ ብታስገቡት ልሙጥ ይሆንባችኋል።

መጠኑም አለ። አንድ 12 ኢንች፣ ሁለት 12፣ አራት 12። ሰው ሁሉ አራቱን ይመርጣል፤ ትልቅ ነዋ! ብቻውን ሲሰማም በእርግጥ ያምራል። ግን የእኛ ቅንብር ላይ ኪቦርዱ ወፍራም ነው፣ ሳክሱ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል፣ ድምፃዊው ከሁሉም በላይ መሰማት አለበት። እዚህ መሃል ትልቅ ሳጥን ስታስገቡ ጠባብ ታክሲ ውስጥ ሶፋ ይዞ እንደመግባት ነው። ለሪትም ጊታር እኔ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር አንድ 12 ያለውን ትንሹን ነው የምጠቀመው።

አሁን ወደ አምፖቹ ስም። ሎጂክ ፕሮና ጋራጅባንድን የመሰሉት የመቅጃ ሶፍትዌሮች የፋብሪካ ስም አይጠሩም፤ ፍንጭ ነው የሚሰጧችሁ። ፍንጩን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። "ትዊድ" ካለ በ1950ዎቹ ፌንደር አምፖቹን ያለብስበት የነበረው ቢጫማ ጨርቅ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ቶሎ የሚሻክር ድምፅ። "ብላክፌስ" ካለ የ1960ዎቹ ጥቁር ሰሌዳ ያለው ፌንደር ነው፤ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ መሃሉ ትንሽ ጎድጎድ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ሪቨርብ፣ ማለትም እንደ አዳራሽ ማስተጋባት፣ ያለበት። "ብሪቲሽ" ካለ ወይ ማርሻል ነው ወይ ቮክስ፤ 30 ዋት ወይም "ቶፕ ቡስት" የሚል ከታከለበት ቮክስ ኤሲ 30 ነው፣ ቢትልሶች ይዘውት የነበረው፣ ቀጭኑ ድምፅ እንደ ደወል የሚያቃጭለው። "ሬክቲፋየር" የሚመስል ነገር ካያችሁ የሜሳ ቡጊ ሜታል ማሽን ነው። ለትዝታና ለባቲ ሥራ እዚያ ምንም ጉዳይ የላችሁም፣ ለጨዋታ ካልሆነ በስተቀር።

ዋቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ስክሪን ላይ ያለ 100 ዋት ከ22 ዋቱ አይጮህም፤ ሁለቱም ከዚያችው ሄድፎን ነው የሚወጡት። ዋቱ የሚነግራችሁ አምፑ መቼ መሻከር እንደሚጀምር ነው። 22 ዋቱ ዴሉክስ ሪቨርብ ቮልዩሙን ግማሽ ላይ ስታደርሱት መንጫረር ይጀምራል። 85 ዋቱ ትዊን ሪቨርብ ግን ብዙ ቢከፍቱትም ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ጣታችሁን ጫን ስትሉ ብቻ ትንሽ እንዲሻክር ከፈለጋችሁ ትንሹን ምረጡና ቮልዩሙን ክፈቱ። ትልቁን መርጦ ጌይን፣ ማለትም የማሻከሪያውን ቁልፍ፣ ከመቆለል ይሻላል።

ከሳጥኑ ቀጥሎ ማይኩ ይመጣል። ለእኔ ይህ ከአምፑ ምርጫ ይበልጣል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ካቢኔት በማይክ ተቀድቶ የተሰማ ካቢኔት ነው። ማይኩ ስፒከሩ መሃል ላይ ሲሆን ድምፁ ስል ነው፤ ወደ ዳር ሁለት ሦስት ጣት ስታንሸራትቱት ይለሰልሳል። "ይሄ አምፕ ጆሮ ይበሳል" ብላችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ማይኩን ወደ ዳር ግፉት። ከ1965 ጀምሮ በየስቱዲዮው የምታገኙት ሹር ኤስኤም 57 መሃለኛውን ድምፅ ወደፊት ያመጣል፣ ሚክስ ውስጥ አይጠፋም። ሪባን የሚባሉት ማይኮች ደግሞ ጠቆር፣ ለስለስ ያሉ ናቸው። ሁለቱን መቀላቀል የተለመደ ነው፤ ግን እኩል ርቀት ላይ ይሁኑ። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ነው የሚሄደው። አንዱ ማይክ ከሌላው በ17 ሴንቲሜትር ከራቀ 1000 ኸርዝ ላይ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ጊታሩ መሃሉ ተበልቶ እንደ ባዶ ጀሪካን ይሆናል።

አይአር የሚሉትን ነገር ሳትሰሙ አትቀሩም። አታካብዱት፤ የካቢኔት አሻራ ማለት ነው። እውነተኛ ካቢኔት ፊት ማይክ ያስቀምጡና ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው የሚያፏጭ ድምፅ ይልኩበታል፤ ከተቀዳው ላይ ሳጥኑ፣ ስፒከሩና ማይኩ ያደረጉትን ለውጥ አስልተው በአንዲት አጭር ዌቭ ፋይል ያስቀምጡታል። ብዙዎቹ ርዝመታቸው ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እናንተ ያንን ፋይል ስትጭኑ ጊታራችሁ በዚያ ሳጥን ያለፈ ያህል ይሆናል። በነጻ የሚገኘው መዓት ነው፤ አደጋውም እሱ ነው። ሺህ ፋይል አውርዶ አንድ ዘፈን ያልጨረሰ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፣ አሁን እየጻፈላችሁ ነው።

አንድ ስህተት ግን በተለይ ልብ በሉልኝ። ኒውራል አምፕ ሞዴለርን ወይም ቶንኤክስን የመሰሉት ሶፍትዌሮች እውነተኛ አምፕ አዳምጠው የተማሩ ሞዴሎችን ይጭናሉ። አንዳንዱ ሞዴል የአምፑን ጭንቅላት ብቻ ነው የያዘው፤ አንዳንዱ ካቢኔቱንም ማይኩንም ጨምሮ ነው። ሙሉውን በጫናችሁበት ላይ ሌላ አይአር ከደረባችሁ ጊታሩ በሁለት ሳጥን አለፈ ማለት ነው። ድምፁ ብርድ ልብስ ለብሶ ይወጣል። ከዚያ "ይሄ ነገር ቀሽም ነው" ይባላል። ሞዴሉን ስታወርዱ ካቢኔት ይኑረው አይኑረው መጀመሪያ አንብቡ። ከኮምፒውተሩ አውጥታችሁ እውነተኛ የጊታር አምፕ ውስጥ ስትሰኩም እንደዚሁ ነው፤ የሶፍትዌሩን ካቢኔት አጥፉት፣ ሳጥኑ እፊታችሁ ቆሟል።

ቤዝ ሌላ ዓለም ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ላይ ነው፣ የቤዙ 41 ላይ። እዚህ ላይ ሁለት ስም ብታውቁ ይበቃችኋል። አንደኛው የአምፔግ ቢ 15 ነው፣ ከ1960 ጀምሮ፤ አንድ 15 ኢንች ስፒከር ያለው፣ ሲጨርሱ አምፑ ተገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ። ሶፍትዌሩ ውስጥ "ፍሊፕ ቶፕ" የሚለው እሱ ነው። ክብ፣ ሞላ ያለ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ። ሁለተኛው የዚያው የአምፔግ ኤስቪቲ ነው፣ 1969፤ 300 ዋት፣ ከሥሩ ስምንት 10 ኢንች ስፒከር ያለው ድፍን ሳጥን። ሳጥኑን ፈረንጆቹ ፍሪጅ ይሉታል፤ ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ይህ ፍሪጅ ያን ሁሉ አክሎ 41 ኸርዝ ላይ ሲደርስ ደክሟል። ጥንካሬው ከዚያ በላይ ነው፣ ጣት ክሩን ሲመታ በሚሰማው መሃለኛው ጡንቻ ላይ። ጆሯችን የላይኛዎቹን ተከታታይ ድምፆች ሰምቶ ታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ሞባይል ላይ ቤዝ የምንሰማውም በዚህ ተንኮል ነው። የስልክ ስፒከር 41 ኸርዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ቤዙ ላይ ትንሽ ሸካራነት ጨምሩ፣ በጣም ትንሽ። ሄድፎን ላይ እምብዛም አይታወቅም፤ ስልክ ላይ ግን ቤዙን ከሞት ያስነሳዋል። አድማጫችሁ ደግሞ ያለው ስልኩ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ቤዝ የሚጫወት አንድ ወዳጄ እቤቴ መጣ። ችክችካ ነበር የምንቀዳው። እኔ ፍሪጁን መረጥኩለት፣ ጌይኑንም ከፍ አደረግኩት። ብቻውን ሲሰማ አንበሳ ነው። ሁለታችንም ፈገግ አልን። ከዚያ ከበሮውንና ኪቦርዱን ከፈትኩ። ሄድፎኑን አውልቆ አየኝ።

"አንተ፣ ቤዜን የት ወሰድከው?"

እውነቱን ነው። ዲስቶርሽኑ ወፍራሙን ድምፅ በልቶታል፣ የተረፈው ጉርምርምታ ብቻ ነበር። መፍትሔው ያረጀ ነው። በ1960ዎቹ ዲትሮይት ውስጥ ሞታውን ስቱዲዮ ቤዙን ያለ አምፕ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ነበር የሚቀዳው። ዛሬ ያንን ጥሬ ድምፅ ዲአይ እንለዋለን። ቤዙን ሁለት ትራክ ላይ አደረግነው። አንዱ ዲአይ ነው፤ ንጹሕ፣ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ የተውንለት። ሌላው አምፕና ካቢኔት ያለበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን። ታችኛው ወለሉን ያዘ፣ ላይኛው ጮኸ። የሎጂክ ቤዝ አምፕ ዲዛይነር ይህንን መቀላቀያ እዚያው ውስጡ አስቀምጦላችኋል፤ ሌላ ሶፍትዌር ካላችሁ ትራኩን ኮፒ አድርጉት።

መጀመሪያ ላይ ግን የባሰ ቀጠነብን። ሁለቱ ትራኮች ተቃራኒ አቅጣጫ እየገፉ ነበር። አንደኛው ላይ ፖላሪቲ የምትገለብጠዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። "እህ!" አለ ወዳጄ፣ ሌላ ምንም አላለም። ሁለት ትራክ በቀላቀላችሁ ቁጥር ያቺን ቁልፍ ሞክሩ፤ የሚወፍረው ትክክለኛው ነው።

ስለ ክራርም እንጫር። ኤሌክትሪክ ክራርና ቤዝ ክራር ባህል ቤት ውስጥ የለመድናቸው ናቸው፤ ቤት ውስጥ ስትቀዷቸው ግን ከሥር የሚለጠፈው ፒክአፕ፣ ማለትም ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፣ ብዙ ጊዜ ቀጭኑን ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ያደርገዋል። አምፑን ተውትና ጀርባው ክፍት የሆነ የጊታር ካቢኔት ብቻ ጫኑለት። ያ 5 ሺህ ኸርዝ ላይ ያለው ወንፊት ቆርቆሮውን ያነሳላችኋል። ለቤዝ ክራር 15 ኢንቹ ሳጥን ይስማማዋል። ማንም አልነገረኝም፣ ስሞክረው ያገኘሁት ነው።

ምንም ብትመርጡ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፤ መግቢያው ሲበላሽ። ጊታሩን ሳውንድ ካርዱ ላይ "ኢንስትሩመንት" ወይም "ሃይዚ" የሚለው ላይ ስኩት። "ላይን" የሚለው ላይ ከሰካችሁት ፒክአፑ ይደክምና ቀጭኑ ድምፅ ከመጀመሪያው ይጠፋል፤ ያንን የትኛውም አምፕ አይመልሰውም። በኃይል ስትመቱ ቀዩ መብራት እንዳይበራ፣ ከላይ 10 ዲቢ ገደማ ክፍት ቦታ ተዉ። መዘግየት ካስቸገራችሁ በፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንዴ አጠራቅሞ የሚሠራበትን የድምፅ መጠን፣ ወደ 128 ሳምፕል አውርዱት፤ በ48 ኪሎኸርዝ ወደ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው። ሲገባና ሲወጣ ተደማምሮ 10 ቢሆን እንኳ ከአምፑ ሦስት ሜትር ተኩል ርቃችሁ እንደመቆም ነው፤ መድረክ ላይ ማንም አያማርርበትም።

አመራረጡ ታዲያ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ጥሬውን ቅዱ። አሥር ሰከንድ ያህል እየተደጋገመ እንዲጫወት አድርጉና እጃችሁን ከጊታሩ አንሱ፤ የሚጫወት ሰው በደንብ አይሰማም። ከበሮውና ድምፃዊው ክፍት ይሁኑ። አምፑን አንድ ተራ ነገር ላይ ተዉትና ሳጥኖቹን ብቻ ቀያይሩ። ከዚያ ማይኩን አንቀሳቅሱ። አምፑን መጨረሻ ላይ። በየመሃሉ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ፕሪሴት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ፣ ሠሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ሦስት ሳጥን ሰምታችሁ ካልወሰናችሁ ሻይ ጠጡ። አራተኛው ላይ ጆሮ መዋሸት ይጀምራል።

የዚያን ቀን ከወዳጄ ጋር የመጨረሻውን ዙር ቀድተን ሳንሰማው መብራት ሄደ። እሱ ወደ ቤቱ፣ እኔ ወደ አልጋዬ። ጠዋት ስከፍተው ዲአዩ እዚያው ነው። እሱ ሥራ ቦታው ላይ ነው፣ ቤዙም ቤቱ። ፍሪጁን አንስቼ 15 ኢንቹን አስገባሁ፣ ማይኩን ሁለት ጣት ወደ ዳር ገፋሁት፣ በቴሌግራም ላክሁለት። ከምሳ በኋላ መለሰልኝ። "አሁን የኔ ቤዝ ነው። ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ተሳስቻለሁ፤ እሱን የሚያስተካክል ሳጥን የለህም?"